ገማች የሌለው ግብር

በ2011 ዓ.ም. በጋ፣ የዓባይ ማዶ መንገድ እንደ ኋለኞቹ ዓመታት ሳያሰጋ፣ ሉማሜ ወርጄ ነበር። ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያልፍ መንገደኛ ሉማሜን የሚያውቃት በአውቶቡስ መስኮት ነው። ሻይ ይጠጣል፣ ቆሎ ይገዛል፣ ሹፌሩ ጡሩምባ ሲነፋ ሮጦ ይሳፈራል። የአዋበል ወረዳ ከተማ መሆኗን እንኳ ልብ የሚል ጥቂት ነው። እኔን ግን እዚያ ያወረደኝ ሻይ ሳይሆን የእናቴ ወንድም ናቸው። ዕድሜያቸው ስድሳውን አልፏል። የቤታቸውን ክዳን ሊያድሱ ስልሳ ቅጠል ቆርቆሮ ከማርቆስ ገዝተው ማስመጣታቸውን ሰምቼ፣ የሚስማር መምቻውን ዕለት ላግዝ ነበር የሄድኩት።

ማታ ቡና እየተፈላ ሳለ ከደረት ኪሳቸው አንዲት ቀጭን ወረቀት አወጡና ዘረጉልኝ።

«እስቲ አንብብልኝ፤ የፈረንጅ ፊደል ነው።»

እውነታቸውን ነው። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን የሚተፋት ወረቀት ናት። የስልሳው ቆርቆሮ ዋጋ 12,000 ብር፤ ከሥሩ 15 በመቶ፣ 1,800 ብር፤ ድምሩ 13,800 ብር። አነበብኩላቸው።

«ይቺ መካከለኛይቱ ምንድን ናት?»

«የተጨማሪ እሴት ታክስ ናት፣ ጋሼ። ለመንግሥት የምትገባ ናት።»

ዝም አሉ። ሲኒያቸውን ከአፋቸው አገናኝተው መለሷት። ከዚያ፣ «ማን ገመተው?» አሉኝ።

የሚገምት ሰው እንደሌለ፣ ማሽኑ ራሱ እንደሚያሰላው ለማስረዳት ሞከርኩ። ሰምተውኝ ሲያበቁ ጥያቄውን ደገሙት፤ «እሱማ ይሁን፤ ግን ማን ገመተው?»

ያን ሌሊት መደቡ ላይ ተጋድሜ ያሰብኩት ስለዚህች ጥያቄ ነው። የከተማ ልጅ ብትሆን ኖሮ «ስንት ነው?» ወይም «ለምን በዛ?» ትል ነበር። የእሳቸው ትውልድ ግን ግብርን የሚያውቀው በሰው ነው። ግብር ከሆነ ገማች አለው፤ ገማች ካለ ፊት አለው፤ ፊት ካለው ደግሞ ይከራከሩታል፣ ያበሉታል፣ ያስታርቁታል፣ ሲብስም ይጋፈጡታል። እኚህ ሰው በ1960 ዓ.ም. የአሥር ወይም የአሥራ አንድ ዓመት እረኛ ነበሩ። በዚያ ዓመት ጎጃም ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ ጥያቄያቸው የሽማግሌ ወግ ልትመስለው ትችላለች፤ ስለዚህ ወደ ኋላ መሄድ ግድ ይላል።

አሥራት በሚከፈልበት ዘመን ገማች የሚመጣው አዝመራው ሳይታጨድ ነበር። ከማሳው ዳር ይቆማል፤ የቆመውን እህል በዓይኑ ይለካል፤ ይህን ያህል ይወጣዋል ይላል፤ ከዚያ አንድ አሥረኛው የመንግሥት ወይም የባለ ጉልቱ ይሆናል። ሚዛን የለ፣ ቁና የለ፤ ያለው ዓይን ብቻ ነው። የሰው ዓይን ደግሞ እንደ አቀባበሉ ነው። ጠላው የቀጠነበት፣ ዶሮው የቀረበት ገማች ማሳው ሰፍቶ፣ ነዶው በዝቶ ይታየዋል። ገበሬው ይህን ያውቃል፤ ገማቹም ገበሬው ማወቁን ያውቃል። በዚህ መካከል ግን አንድ ነገር ነበር፤ መነጋገር ነበር።

ከአሥራቱ ይልቅ የሚከብደው የርስቱ ነገር ነው። በጎጃም ርስት ማለት ዛሬ እኛ በአዲስ አበባ «ይዞታ» የምንለው ዓይነት ነገር አልነበረም። አንድ አቅኚ አባት ያቀናው መሬት ከእሱ ለተወለዱት ሁሉ፣ በአባትም ይሁን በእናት ለሚቆጠሩት ሁሉ የጋራ መብት ነው። እገሌ ዛሬ የሚያርሰው የደረሰውን እንጂ የብቻውን አይደለም። ግብሩም በስሙ ለየብቻ ሳይሆን በትውልድ ሐረጉ፣ በወኪሉ በኩል ተሰብስቦ ይከፈል ነበር። አሜሪካዊው አጥኚ አለን ሆበን በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህንን ሥርዓት መርምሮ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ እንዳሳየው፣ ግብር መክፈልና የርስት ባለመብት መሆን የተሳሰሩ ነገሮች ነበሩ። ግብር የሚከፍል ሰው የዚያ አባት ልጅ ነው። እንግዲህ አንድ ሹም መጥቶ «መሬትህን እለካለሁ፤ በስምህ እመዘግባለሁ፤ ግብሩንም አንተው ለብቻህ ትከፍላለህ» ቢል፣ ገበሬው የሚሰማው የገንዘቡን መጠን አይደለም። የሚሰማው ሐረጉ ሲቆረጥ ነው። በደቡቡ አገር ቃላድ ሲጣል መሬቱ ከማን እጅ ወጥቶ ወደ ማን እጅ እንደ ገባ ወሬው ጎጃም አልደረሰም ማለትም ሞኝነት ነው።

ስለዚህ መሬት መለካትና ጎጃም ከመጀመሪያውም አልተስማሙም። ከጣሊያን ወረራ በኋላ መንግሥቱ በ1934 ዓ.ም. ግብሩን በጋሻ መድቦ፣ ለም 15 ብር፣ ለም ጠፍ 10 ብር፣ ጠፍ 5 ብር ይክፈል ብሎ ሲያውጅ፣ በጋሻ ያልተለካ አገር ይህን እንዴት ይከፍላል የሚለው ጥያቄ ወዲያው ተነሣ። ሕዝቡ አሻፈረኝ አለ። በ1937 ዓ.ም. አሥራቱ ወደ ገንዘብ ተለውጦ አዲስ የግብር አዋጅ ሲወጣም ጎጃምና አንዳንድ የሰሜን ጠቅላይ ግዛቶች እንደ ቀድሞው ልማድ እንዲከፍሉ ተተዉ። ያው ዓመት በቢቸና በኩል ጣሊያንን አምስት ዓመት ሲያርበደብድ የኖረው በላይ ዘለቀ አዲስ አበባ ላይ በስቅላት የተቀጣበት ዓመት ነው። የስቅላቱ ምክንያት ግብር አልነበረም፤ ነገር ግን በምሥራቅ ጎጃም ያለ ሰው የማዕከላዊውን መንግሥት ሹም ሲያይ ምን ያስታውስ እንደነበር ለመገመት ብዙ መመራመር አያሻም።

በሌላ በኩል መንግሥቱም የራሱ ጭንቀት ነበረበት፤ ይህንን መካድ ደግሞ ታሪክ መጻፍ አይሆንም። በ1950ዎቹ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ መንገድ፣ ጦር ሠራዊት ሁሉም ገንዘብ ይጠይቃል። የመንግሥቱ ገቢ በአብዛኛው የሚመጣው ከጉምሩክ ቀረጥና ከሸቀጥ ላይ ከሚነሣ ግብር ሲሆን፣ ሕዝቡ በሙሉ ማለት ይቻላል የሚኖርበት እርሻ የሚያስገባው ከዓመት ዓመት ድርሻው እያነሰ ሄደ። በ1940 የትምህርት፣ በ1951 የጤና ግብር በመሬት ላይ ተጨመረ። በ1958 ዓ.ም. የርስተ ጉልትና የሲሶ ጉልት መብት ተሽሮ ግብሩ በቀጥታ ለመንግሥት ግምጃ ቤት እንዲገባ ተደረገ። በመጨረሻም በኅዳር 1960 ዓ.ም. አሥራት ጨርሶ ቀርቶ በምትኩ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር እንዲከፈል አዋጅ ቁጥር 255 ወጣ። የገንዘብ ሚኒስትሩ አቶ ይልማ ዴሬሳ ነበሩ። ባለመሬቶች በበዙበት ፓርላማ ሕጉ ብዙ ተሟግቶበታል።

ሕጉን ዛሬ ቁጭ ብሎ ለሚያነብ ሰው አንድ የሚያስገርም ነገር አለው። በወረቀት ላይ ከቀድሞው ሁሉ የተሻለ ነበር። ድሀው ጥቂት፣ ሀብታሙ ብዙ ይክፈል ይላል፤ በመሬቱ ስፋት ሳይሆን ካገኘው ገቢ ላይ ይክፈል ይላል። አንድ የምጣኔ ሀብት ተማሪ ቢጠየቅ ለአሥራት ሳይሆን ለዚህኛው እጁን ያወጣል። ግን ገቢውን ማን ያውቀዋል? ያው ገማች ነዋ! ገማች ደግሞ ሲመጣ ብዕርና መዝገብ ይዞ፣ ማሳውን አይቶ፣ ከብቱን ጠይቆ፣ ስም ጽፎ ሊሄድ ነው። ገበሬው ከሕጉ አንቀጾች አንዱንም አላነበበም፤ መዝገቡን ግን አየው።

በ1960 ዓ.ም. የካቲት ገደማ ገማቾቹ ወደ ሞጣ ሲወጡ ገበሬው አናስገባም አለ። ነገሩ ከሞጣ ወደ ቢቸናና ወደ ዳሞት ዘለቀ። መጀመሪያ የነበረው እንቢታ እንጂ ጦርነት አልነበረም። ስብሰባ ተደረገ፤ ሽማግሌ ተመረጠ፤ አቤቱታ ተጽፎ ወደ አዲስ አበባ ሰው ተላከ። ገበሬው በንጉሡ ላይ አልተነሣሁም፣ ዙፋኑን እወዳለሁ፣ የምጠላው ሹሞቹን ነው ይል ነበር። ከሹሞቹም ሁሉ በላይ የሚጠላው ጠቅላይ ገዢውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴን ነበር። እሳቸው ቀደም ብለው የጦር መሣሪያ ይመዝገብ ብለው ነበርና። ለጎጃሜ ጠመንጃው ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው፣ ጠመንጃና መሬት በአንድ ሹም ዘመን «ይመዝገብ» ሲባሉ ገበሬው ሁለቱን አገጣጥሞ ምን እንደሚያነብ ያውቃል። መመዝገብ የመውሰድ መጀመሪያ ነው ብሎ አነበበው።

ፖሊስ ተላከ፤ ጦር ተላከ፤ በኋላም የአየር ኃይል አውሮፕላኖች መንደሮችን ደበደቡ። አጎቴ ከዚያ ዓመት የሚያስታውሱት አውሮፕላኑን ነው። ከብት እየጠበቁ ሳለ በሰማይ ያለፈ ድምፅ፣ የደነበሩ ላሞች፣ የእናታቸው ጩኸት። ቦንብ ሲወድቅ ግን አላዩም፤ ባላዩት ነገር ላይም አይጨምሩም። «እኛ ዘንድ አልደረሰም፤ ድምፁ ግን ደርሶናል» ነው ያሉኝ።

መንግሥት በመጨረሻ ወደ ኋላ አለ። ደጃዝማች ፀሐዩ ከጎጃም ተነሥተው ወደ ከፋ ተዛወሩ፤ በምትካቸው ደጃዝማች ደረጀ መኮንን ተሾሙ። በ1961 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ጎጃም ሄደው ለዓመታት ሲንከባለል የኖረውን ውዝፍ ግብር ምረናል አሉ። የእርሻ ገቢ ግብሩም በጎጃም በአዋጁ እንደ ታሰበው ሳይሰበሰብ ቀረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አብዮቱ መጣ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ተባለ፤ ርስትም አብሮ ተቀበረ።

ስለ ጎጃሙ አመፅ የጻፉ ሰዎች ሁለት ወገን ናቸው። አንዱ ወገን ገበሬው ተራማጅ የሆነን ሕግ በባላባቶችና በካህናት ተመክሮ የተቃወመ ኋላ ቀር ነው ይላል። ሌላው የጭቁን ሕዝብ ትግል ነው ይለዋል። እኔ ሁለቱም ገበሬውን ከፍ ወይም ዝቅ አድርገው ያዩታል ባይ ነኝ። ገበሬው ስለ ሕጉ ተሳስቶ ይሆናል፤ ስለ መንግሥቱ ግን አልተሳሳተም። ተጠይቆ ስለማያውቅ ሲጠየቅ አላመነም። ግብር ከመክፈሉ በፊት «ለምን?» ብሎ መጠየቅ እንደሚችል ግን ያውቅ ነበር፤ ጥያቄውንም የሚያቀርብበት ፊት ነበረው።

ከዚያ ወዲህ የመጡት መንግሥታት ከጎጃም አንድ ትምህርት የቀሰሙ ይመስለኛል። ገማችን አትላክ የሚል ትምህርት ነው። ደርግ የመሬት መጠቀሚያና የገቢ ግብር ጣለ፤ ዋናውን ሸክም ግን ያመጣው በሌላ በር ነው። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ለገበሬ ማኅበሩ ኮታ ይመድባል፤ ገበሬው ያን ያህል ኩንታል ጤፍ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ያስረክባል። የተቆረጠው ዋጋ ከገበያው በጣም ያነሰ ነበር። ጎጃም ጤፍ አብቃይ በመሆኑ ኮታው ከከበደባቸው አገሮች አንዱ ሆነ። አዝመራ የከዳው ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ለመንግሥት ያስረከበበት ዓመት እንደነበር አጎቴ ያለ ምሬት ይናገራሉ። በገበያው ዋጋና በኮታው ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ግብር ነው፤ ማንም ግብር ብሎ ስላልጠራው ግን በማንም መዝገብ ላይ ግብር ሆኖ አልሰፈረም። ኮታው የቀረው በ1982 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ ወደዚያች ቀጭን ወረቀት እንመለስ።

የተጨማሪ እሴት ታክስ የተፈለሰፈው በፈረንሳይ ነው። ሞሪስ ሎሬ የተባለ የግብር ሹም ያቀደው ሲሆን በ1954 እ.ኤ.አ. ሕግ ሆነ። ከዚያ እንደ ሰደድ እሳት ተሠራጭቶ ዛሬ ከ160 በላይ አገሮች ይሠሩበታል። በአንዳንዶቹ ዘንድ የሸቀጦችና አገልግሎቶች ታክስ ይባላል፤ ሕንድ በ2017 እ.ኤ.አ. ብዙ የክፍላተ ሀገርና የማዕከል ታክሶችን አጣምራ ያስገባችው በዚህ ስም ነው። እኛ ዘንድ ቀድሞ የነበረውን የሽያጭ ታክስ ተክቶ በአዋጅ ቁጥር 285/1994 ታወጀና ከታኅሣሥ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ምጣኔው 15 በመቶ፤ ተመዝጋቢው በዓመት ከ500,000 ብር በላይ የሚሸጥ ነጋዴ። ከዚያ በታች ላሉት ደግሞ ተርን ኦቨር ታክስ የሚባል ወጣላቸው።

አሠራሩ ብልህ ነው። በቆርቆሮ እንመልከተው። ፋብሪካው ቆርቆሮውን ለጅምላ ነጋዴ በ100 ብር ሲሸጥ 15 ብር ይጨምርበታል። ጅምላ ነጋዴው በ120 ለባለሱቅ ሲሸጥ 18 ብር ይቀበላል፤ ለመንግሥት ግን የሚያስገባው 3 ብር ብቻ ነው፤ 15ቱን ቀድሞ ለፋብሪካው ስለከፈለ ይቀናነስለታል። ባለሱቁ በ140 ሲሸጥ 21 ብር ተቀብሎ፣ የከፈለውን 18 ቀንሶ፣ 3 ብር ያስገባል። 15 እና 3 እና 3፣ 21። የጥበቡ ዋና ነገር እያንዳንዱ ነጋዴ የከፈለው እንዲቀነስለት ከበላዩ ካለው ካርኒ መጠየቁ ነው። አንዱ የሌላው ዘበኛ ይሆናል፤ መንግሥት በየማሳው ገማች መላክ አያሻውም። ሰንሰለቱ ግን አንድ ቦታ ላይ ያቆማል። ከመጨረሻው ገዢ ዘንድ ሲደርስ የሚያቀናንስለት የለም። 21ዱንም ብር የከፈለው እሱ ነው። የሉማሜው ገበሬ ጤፉን ሲሸጥ ተመዝጋቢ አይደለምና የሚጨምረው ታክስ የለም፤ ቆርቆሮ፣ ምስማር፣ ሳሙና ሲገዛ ግን ሁልጊዜ ከሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ የቆመው እሱ ነው። ከቆርቆሮው ውስጥ ያሉት 1,800 ብር እንዲህ መጡ።

«ለመሬትዎ በዓመት ስንት ነው የሚከፍሉት?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ሁለት መቶ ብር አይሞላም አሉኝ። በስንት ዓመት የሚከፍሉትን አንድ ቀን ማርቆስ ውለው ከፈሉት ማለት ነው። ለመጀመሪያው ቀበሌ ስብሰባ ይጠራል፣ ስም ይነበባል፣ የዘገየ ይወቀሳል። ለሁለተኛው ማንም አልጠራቸውም።

ይህ የመታየትና ያለመታየት ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። ካናዳ በ1991 እ.ኤ.አ. ይህንኑ የሸቀጦችና አገልግሎቶች ታክስ ስታስገባ ምጣኔው 7 በመቶ ነበር። የተካው ግን በፋብሪካ በር ላይ ይነሣ የነበረውን 13.5 በመቶ ታክስ ነው። አዲሱ ከአሮጌው በጣም ያነሰ ይመስላል፤ ቢሆንም ሕዝቡ በቁጣ ነደደ። አሮጌው በዋጋው ውስጥ ተሸሽጎ ይኖር ነበር፤ አዲሱ ግን በእያንዳንዱ ካርኒ ላይ ለብቻው ተጽፎ ይታያል። ገዢው ፓርቲ በ1993ቱ ምርጫ ሁለት መቀመጫ ብቻ ይዞ ቀረ። ምክንያቱ ታክሱ ብቻ አልነበረም፤ ግን አንዱ እሱ ነበር። ካናዳዊው በካርኒው ላይ ያየውን ከምርጫ ሣጥን ጋር ማገናኘት ቻለ። እኛ ዘንድ ካርኒው የሚታተመው ብዙው ገዢ በማያነበው ፊደል ነው።

ለመሆኑ ገቢው አደገ? በብር ከቆጠርነው በደንብ አድጓል። በ2000 ዓ.ም. ገቢዎችና ጉምሩክ በአንድ ባለሥልጣን ሥር ተጠቃለሉ፤ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን በየሱቁ ገባ። በ2016 ዓ.ም. የገቢዎች ሚኒስቴር የሰበሰበው ከ500 ቢሊዮን ብር በላይ ነው፤ ታክሱ በተጀመረ ሰሞን ይህ ቁጥር ቢነገር ሰው ይስቅ ነበር። ነገር ግን ብሩ ራሱ ስንት ገዛ? በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ዋጋ ሲንር የዋጋው 15 በመቶም አብሮ ይንራል፤ የግብር ሰብሳቢው ትጋት ሳይጨመርበት ገቢው «አደገ» ይባላል። ትክክለኛው መለኪያ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ውስጥ ታክሱ ስንት እጅ ነው የሚለው ነው። በ2000ዎቹ አጋማሽ 12 በመቶ ገደማ የነበረው፣ አሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ከ8 በመቶ በታች ወርዷል። ከሰሃራ በታች ካሉት አገሮች እንኳ ዝቅተኛ ከሚባሉት ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጁን በአዋጅ ቁጥር 1341/2016 ለውጦ፣ ነፃ የነበሩ አገልግሎቶችን ወደ ታክሱ ያስገባውና የመመዝገቢያውን ጣሪያ 2 ሚሊዮን ብር ያደረገው በዚህ ጭንቀት ነው። የይልማ ዴሬሳ ጭንቀት መልኩን ቀይሮ ተመልሷል ማለት ይቻላል።

ለምን ወረደ ለሚለው ባለሙያዎቹ ብዙ ምክንያት ይዘረዝራሉ፤ ለባለሀብት የሚሰጥ የታክስ ዕፎይታ፣ የውጭ ንግዱ መዳከም፣ ጦርነቱ፣ የንግዱ በአብዛኛው ከመዝገብ ውጪ መሆን። እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ ከሱቅ ባንኮኒ ፊት ቆሜ ያየሁትን ልጨምር። አንባቢዬም ታውቀዋለህ። ዕቃ መርጠህ ስታበቃ ባለሱቁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ይልሃል። ሁለት ዋጋ ነው። ያለ ደረሰኝ ከወሰድክ ዋጋው ይቀንሳል፤ ቀናኸኝ ብለህ ትሄዳለህ። እኔ ስንት ጊዜ እንዲህ እንደገዛሁ ብናገር ያሳፍረኛል። ያ ብልህ ሰንሰለት የሚበጠሰው እዚህ ላይ ነው። የመጨረሻው ገዢ ካርኒውን ቢጠይቅ የሚያገኘው ነገር የለም፤ ባይጠይቅ ግን ያተርፋል።

በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የሆነውንም ማንሣት ይገባል። የአነስተኛ ነጋዴዎች የቀን ገቢ ተገምቶ ግብር ሲጣልባቸው በአምቦ፣ በወሊሶና በሌሎች ከተሞች ሱቅ ተዘጋ፤ አዲስ አበባም ለቅሬታ የተሰለፈው ብዙ ነበር። «እኔ በቀን ይህን ያህል እሸጣለሁ ብሎ ማን ገመተ?» ነበር ጥያቄው። ልብ ብሎ ላደመጠው የሞጣው ድምፅ ነው። ገማቹ በአካል ሲመጣ ሕዝብ ይከራከራል፤ ከዚያ የሚበልጠው ገንዘብ በሳሙናና በዘይት ውስጥ ሲያልፍ ግን ዝም ይላል። ዝምታውን እንደ ስምምነት የሚቆጥር የገንዘብ ሹም ካለ፣ ያለ ደረሰኝ የሚሸጠውን ዕቃ አብሮ ይቁጠር። ዛሬ እንቢታው ያለው እዚያ ነው፤ አቤቱታ የሌለው፣ ሽማግሌ የማይልክ፣ ድምፅ የማያሰማ እንቢታ።

አጎቴን በማግስቱ፣ ጣሪያው ላይ ሆነን ምስማር ስናቀብል ጠየቅኋቸው። ማርቆስ ያለው ባለሱቅ እሳቸውንም ሁለቱን ዋጋ አስመርጧቸው ነበር።

«ታዲያ ለምን ያለ ደረሰኝ አልወሰዱም ጋሼ? በዚያ ገንዘብ ስንት ነገር ይሆናል!»

ዝቅ ብለው አዩኝ። አባታቸው ካርኒ የሌለው ሰው የሚሟገትበት የለውም ይሉ እንደነበር ነገሩኝ። የርስት ክርክር ሲነሣ ዳኛው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ግብሩን ማን ከፍሏል?» ነው። «ከፍያለሁ» የሚል ያሳያል። ያላሳየ መሬቱን ያጣል። ስለዚህ መንግሥት ብር ሲወስድ ወረቀት ካልሰጠ ሌባ ነው፤ ወረቀት ከሰጠ ግን ተዋዋይ ነው። 1,800 ብሩን የከፈሉት ወረቀቷን ሊይዙ ነው። ምን እንደሚያስመልሱባት አላወቁም፤ አንድ ቀን የሚጠይቅ ቢመጣ ግን ያሳያሉ።

ማታ ሣጥናቸውን ከፈቱልኝ። የአባታቸው የግብር ካርኒዎች በጨርቅ ተጠቅልለዋል፤ በሐምራዊ ቀለም የተጻፉ፣ ማኅተም ያረፈባቸው፣ ጫፋቸው በምስጥ የተበላ። የኮታ ጤፍ ያስረከቡባቸው ወረቀቶች አሉ። በላያቸው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተራቸው አለ፤ ስማቸው፣ የባለቤታቸው ስምና ፎቶግራፋቸው ያለበት። ያ ሁሉ ሰው አልመዘገብም ብሎ የተነሣበት መዝገብ ዛሬ ከሁሉ በላይ የሚጠበቅ ዕቃ ሆኗል። የቆርቆሮውን ካርኒ አጥፈው ከደብተሩ ውስጥ አኖሩት።

በ2013 ዓ.ም. ለለቅሶ ሄጄ ሳለ ሣጥኑ በሌላ ጉዳይ ተከፈተና ያቺን ወረቀት አየኋት። ማሽኖቹ የሚያትሙበት ወረቀት በሙቀት የሚጻፍበት ዓይነት ነው፤ ቀለሙ ብዙ አይቆይም። ነጭ ሆናለች። አንድ ፊደል፣ አንድ ቁጥር የለባትም። የአባታቸው ካርኒዎች ከሥሯ እንደ ተነበቡ አሉ። ብርሃን ላይ አድርጌ አገላበጥኳት፤ ምንም አይታይም።

«ጠፍቷል ጋሼ» አልኳቸው።

ተቀብለውኝ እሳቸውም ወደ በሩ ዞረው አዩዋት። ከዚያ እንደ ነበረችው አጥፈው ከደብተሩ መካከል መለሷትና ሣጥኑን ቆለፉት።